ቀዳም ሹር የተረፈው ወተት

ጉለሌ ውስጥ ላም የሚያረባ ሞልቷል። ልብ ወለድ የሚጽፍም አይጠፋም። ሁለቱን በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ጥንድ ቦቲ የሚሠራ ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ አለ የሚል ካለ ያምጣውና እንተያይ። ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አስተማሪው ጎበዝ ነበር፣ ተማሪውም ብዙ አላስቸገረም።

ቤታችን ከቁስቋም ወደ ታች ሲወረድ፣ ዳገቱ ትንሽ አረፍ የሚልበት ቦታ ላይ ነው። ከግቢው ግማሹን በረቱ ይዞታል። ሦስት ላሞች አሉን። ጠዋት ፍጉን እጠርጋለሁ፣ ፉርሽካውን አርሳለሁ፣ ከዚያ ወተቱን በጀሪካን ይዤ በየደንበኛው በር አንኳኳለሁ። ከሰዓት በኋላ ድርቆሹ ላይ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ለላሞቹ አነብላቸዋለሁ። ጥቁሯ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች። ቀይዋ ጀርባዋን ትሰጠኛለች፤ እሷ ሃያሲ ናት። ቡሬዋ ደግሞ አንዴ አንድ ሙሉ ምዕራፍ በልታብኛለች። ከዚያ በኋላ ያ ምዕራፍ ባይኖርም መጽሐፉ እንደማይጎድል ስላየሁ፣ እሷን አርታኢ አድርጌያታለሁ።

የምጽፈው ስለ ሰፈሬ ነው። ስለ እንጦጦ ቅጠል ተሸካሚዎች፣ ስለ ዊንጌት ታክሲ ተራ፣ ስለ ዳገታችን ሰው። ማንም አሳታሚ አይቶኝ አያውቅም፤ እኔም አልለመንኩም። ራሴ አሳትማለሁ፣ ራሴ አዞራለሁ። የሦስተኛውን መጽሐፌን ማተሚያ ቤት የከፈለችልኝ አንዲት ጊደር ናት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ጊደሬን በወረቀት ቀየርካት» እያለች ታነሳታለች። እኔም «ወረቀቱ ይወልዳል፣ ጠብቂ» እላታለሁ።

ወለደ። የወለደው ግን ሌላ ጉድ ነው።

ያ መጽሐፍ የአንድ ወተት ሻጭ ታሪክ ነው። ሰውየው ዳገት ላይ ይኖራል፣ ላሞች አሉት፣ ወተቱን በየቤቱ ያደርሳል። ታሪኩን የሚተርከው ራሱ ነው፤ «እኔ» እያለ። መሀል ላይ ሰይጣን ያሳስተውና ወተቱ ላይ ውሃ መጨመር ይጀምራል። የወተቱ መቅጠን እንዳይታወቅበት የሩዝ ቅቅል ውሃ ይቀላቅልበታል። ይህን ምዕራፍ ስጽፍ እንዴት እንደተሳካልኝ አትጠይቁኝ። ሰውየው ጎህ ሳይቀድ ጣሳውን ከበርሜሉ ሲነክር፣ የውሃው ቅዝቃዜ አንባቢው ክንድ ድረስ ይዘልቃል። ስጨርስ ለራሴ አጨበጨብኩ። እውነቴን ነው፤ ላሞቹ ሁሉ ዞረው አይተውኛል።

ዊንጌት አካባቢ ያለች አንዲት የኮምፒውተር ቤት ልጅ ናት የተየበችልኝ። ሽፋኑን ስትሠራ፣ «ጋሼ፣ ከሥሩ ‹በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ› ልበልበት? እንደሱ ሲሆን ይሸጣል» አለችኝ።

«በይበት!» አልኳት። «እንደውም ፊደሉን አወፍሪው።»

አወፈረችው።

እንግዲህ እኛ ከብት ያለን ሰዎች ዓመቱን የምንቆጥረው በጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ የኦርቶዶክሱ ደንበኛ ጀሪካኑን አጥቦ ይሰቅላል። ወተቱን ባለቤቴ ትንጠዋለች፣ ቅቤና አይብ ይሆናል። ከሚታለበው ጥቂቱን ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን ይወስዱልናል፤ በተለይ ሚኒባስ የሚነዳ አንድ ወዳጄ፣ ልጆቹ ብዙ ስለሆኑ እሱ ብቻውን የአንዷን ላም ወተት ይጨርሳል። ለእኔ ሁዳዴ የሥራ ወቅት ነው። የማደርሰው ወተት ትንሽ ስለሆነ እጄም እግሬም ለመጽሐፍ ይተርፋል። ስለዚህ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ በጾም ሰው ሥጋ የለው፣ ወተት የለው፣ ታዲያ ምን ያድርግ? ያንብብ! መጽሐፉን በሁዳዴ መግቢያ አወጣሁና ወተት በማደርስበት በር ሁሉ መጽሐፍ አደረስኩ። ደንበኞቼ ባህላቸው ነው፣ አያሳፍሩኝም፤ ሁሉም ገዛኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰፈሩ ተለወጠብኝ። በደስታ ነው የምላችሁ። መንገድ ላይ ቆመው የሚያወሩ ሰዎች እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ። «ዝና እንዲህ ያደርጋል» አልኩ። ከእኛ በታች ያሉት እትዬ፣ የሰፈሩ አንጋፋ ደንበኛዬ፣ ሰላም ስላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተነክተዋል» አልኩ። አንዱ ጎልማሳ ደግሞ ትከሻዬን ይዞ «እግዜር ይቅር ይበልህ፣ ወንድሜ» ብሎኝ አለፈ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ምን አድርገህ ነው ይቅር የሚልህ?» አለችኝ።

«መጽሐፉ ስሜቱን ነክቶት ነዋ! ሥነ ጽሑፍ ነው ይሄ፣ አንቺ አይገባሽም።»

እሷም ስላልገባት ቅቤዋን ቀጠለች።

ቀዳም ሹር ደረሰ። ከብት ያለው ቤት ቀዳም ሹር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጠዋት ጀምሮ በሩ አይዘጋም። አንዱ ለዶሮው ቅቤ ይላል፣ አንዷ አይብ፣ ሌላው «ለነገ ጠዋት ለልጆቹ ወተት ያዝልኝ» ይላል። ባለቤቴ ከዋዜማው ጀምራ ዕቃውን አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ቅቤውን በኮባ ጠቅልላ ደርድራለች። እኔ ንጹህ ሸሚዝ ለብሼ በሩ ላይ ወንበር አወጣሁ። ሰው ወተቱን ሲወስድ መጽሐፉን ያስፈርመኛል ብዬ እስክሪብቶም ይዣለሁ። ሦስት ቀለም።

ረፋዱ ላይ ማንም አልመጣም። «ዛሬ አርፍደው ነው የተነሱት» አልኩ። እኩለ ቀን ሆነ። ሰው በራችን ላይ ያልፋል፤ ጀሪካን ይዞ ያልፋል! ባዶ ጀሪካን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ሙሉ ጀሪካን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ በኩል አዲስ ላም ያስገቡ ሰዎች እንዳሉ ሰምቼ ነበር። አንዷ ደንበኛዬ እኔን ስታይ ጀሪካኑን በነጠላዋ ሸፈነችው። እኔኮ መቼም በሕይወቴ ብዙ ደንግጫለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ክው ብዬ አላውቅም። ጀሪካን እንደ ነውር ሲደበቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የመጣው ሹፌሩ ወዳጄ ብቻ ነው። የሱ ፋሲካም ያው የኛው ቀን ስለሆነ ቅቤም ፈልጓል።

«ሰዉ የት ሄደ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ? ምን ያህል ወተት ተረፈህ? ልውሰድልህ እንዴ?»

«መጽሐፌን አነበብከው?»

«እ... ማለቴ፣ ጀምሬዋለሁ። ሽፋኑ ቆንጆ ነው።»

ከሽፋኑ አላለፈም ማለት ነው። ያን ጊዜ ተናድጄበት ነበር። ለካ ያላነበበው ሰው ነው ደንበኛ ሆኖ የቀረልኝ።

ፋሲካን እንደምንም አሳለፍነው። ማግስቱን እትዬ ቤት ሄድኩ። «እንኳን አደረስዎ» ብዬ ገባሁ። ዳቦ ቆረሱልኝ፣ በደንብ አስተናገዱኝ። ከዚያ ተነሱና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ መጽሐፌን አንስተው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ ቦታ ገለጡና አነበቡልኝ። ጣሳው፣ በርሜሉ፣ የሩዙ ውሃ። አነባበባቸው ደግሞ ሲያምር! ለአፍታ ረስቼው ፈገግ አልኩ።

«ትስቃለህ?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ ደስ ብሎኝ ነው...»

«የልጅ ልጆቼን የበርሜል ውሃ እያጠጣህ ደስ ይልሃል?»

ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ስስል፣ ስስል፣ ውሃ ሰጡኝ። «ጠጣ፣ ይሄ ንጹህ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ እኔ አይደለሁም!»

«‹እኔ› ይላል።»

«‹እኔ› የሚለው ሰውየው ነው። የፈጠርኩት ሰውዬ።»

«ዳገት ላይ ይኖራል፣ ሦስት ላሞች አሉት፣ አንዷ ቀይ፣ ወተት በየቤቱ ያደርሳል። ታዲያ ይሄ ማነው? እኔ ነኝ?» መጽሐፉን ዘግተው በጣታቸው ሽፋኑ ላይ ያለውን ወፍራሙን ፊደል መቱት። «‹በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ›። ይሄን ማን ጻፈው?»

«እሱ ለገበያ ነው፣ እትዬ። ውሸት ነው። ሁሉም ውሸት ነው!»

ይሄን ስል ፊታቸው የባሰ ተለወጠ። መጽሐፉን እንደገና ከፈቱ። መጀመሪያው ላይ፣ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ ስትወርድ የደን ጠባቂ ያስቆማት አንዲት እናት አለች። ሸክሟን ሳታወርድ ስትሰድበው፣ ጠባቂው ራሱ እስከ ታች ይሸኛታል። እሱን ታሪክ የነገሩኝ እትዬ ናቸው፤ ሴትዮዋ የሳቸው እናት ናቸው።

«እናቴም ውሸት ናቸው?»

«ኧረ እትዬ! እሳቸውማ እውነት ናቸው።»

«እኔ ይሄን ገጽ ለዘመድ ሁሉ አንብቤያለሁ። አልቅሼበታለሁ። አሁን አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ዳቦዬን እየበላህ ሁሉም ውሸት ነው ትለኛለህ።»

«የሳቸው ገጽ እውነት ነው፣ የወተቱ ገጽ ውሸት ነው!»

«እና እውነቱን ከውሸቱ በምን ልለየው? ምልክት አድርገህበታል?»

የያዝኩትን ዳቦ አስቀምጬ ተነሳሁ።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝ። ደግ ናቸው። «እኔ ክፉ አላስብብህም፣ ልጄ» አሉኝ። «ግን ዓይኔ ካላየ አልጠጣም። ሲታለብ ልይ፣ ባልዲው ሲሞላ ልይ፣ ከዚያ እወስዳለሁ። እኔ ከወሰድኩ ሌላውም ይወስዳል።»

ይሄ ቀላል ነገር መስሏችሁ ከሆነ ላም አርብታችሁ አታውቁም። በኛ ቤት ላም ስትታለብ ባዳ ሰው አያይም። ዓይን ይገባታል፣ ጡቷ ይደርቃል። ባልዲው ሳይከደን ከበረት አይወጣም። ባለቤቴ ይሄን ነገር ከእናቷ ይዛ የመጣችው ነው፤ የገዛ እህቷን እንኳ በረቱ በር ላይ ነው የምታስቆማት። ጎረቤቶቻችን ይሄን ሁሉ ዘመን ወተታችንን ሲጠጡ አንድም ቀን የበረታችንን ውስጥ አላዩም።

ነገርኳት። ባልዲ እያጠበች ነበር። እጇን ባልዲው ውስጥ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

ባለቤቴ መጽሐፎቼን አታነብም። «ስትጽፈው ጮክ ብለህ ስትለፈልፍ ሰምቼዋለሁ» ነው መልሷ። የውሃውን ምዕራፍ ግን አልሰማችውም፤ ያን ቀን ወፍጮ ቤት ነበረች። አነበብኩላት። በሹክሹክታ ነው ያነበብኩላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ጽሑፍ አፍሬ። ስጨርስ ባልዲውን አስቀመጠች።

«የሩዙን ውሃ ከየት አመጣኸው?»

«ከጭንቅላቴ።»

«ከጭንቅላትህ! እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ጡት ሳላጥብ፣ ዕቃ ሳላጥን አልቤ አላውቅም፤ አንተ ከጭንቅላትህ አምጥተህ ሩዝ ታቀላቅልብኛለህ? ቅቤዬንስ? አሁን ቅቤዬንም ሙዝ አለበት ይላሉ!»

ይላሉ ሳይሆን ብለዋል። ግን አልነገርኳትም።

በዚያው ሳምንት የሹፌሩ ሚኒባስ ተበላሽቶ ጋራዥ ገባ። ሰውየው ሥራ ፈቶ ቤት ተቀመጠ። ሥራ ሲፈታ ምን አደረገ? አነበበ! ከተበላሸ መኪና የከፋ ጠላት የለኝም። አንድ ጠዋት ወተት ይዤለት ስሄድ በሩን ገርበብ አድርጎ ብቻ ከፈተው።

«አንተ፣» አለኝ፣ «ልጆቼን ሆዳቸውን ሲያማቸው የከረመው ለዚህ ነው?»

«ልጆችህን ሆዳቸውን የሚያማቸው ብስኩት ስለሚበሉ ነው!»

«እሱስ እውነትህን ነው። ግን ባለቤቴ ደግሞ አትውሰድ ብላኛለች። ምን ላድርግ ወንድሜ?» ከዚያ ድምጹን ቀነስ አድርጎ፣ «መጨረሻው ግን እንዴት ያለ ነው ባክህ! ሰውየው ንስሐ ሲገባ እንባዬ መጣ።»

ደንበኛዬን ያጣሁት አድናቂ ሳገኝ ነው። በሩ ሲዘጋ ጀሪካኔን እንዳቀፍኩ ደርቄ ቀረሁ።

ወተት ካልተሸጠ ፉርሽካ አይገዛም። ፉርሽካ ካልተገዛ ላም አትቆምም። ባለቤቴ ለቅሶም ጭቅጭቅም ሳታበዛ ስልኳን አነሳችና የከብት ደላላ ጋር ደወለች። ቀይዋን ለመሸጥ ነው። ቀይዋ እሷ ከጥጃነቷ በጡጦ ያሳደገቻት ናት። «ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል» አለችኝ። እኔ ቀልድ ፈለግሁ። ሁልጊዜ አንድ ቀልድ አይጠፋኝም። በዚያ ቀን ግን የሚያስቅ ነገር አልመጣልኝም፤ ሄጄ ቀይዋን ሳያት፣ እንደልማዷ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እውነቷን ነው።

ሰኞ ማታ እራት ላይ ባለቤቴ እንጀራውን እየቆረሰች፣ ቀና ሳትል፣ «እትዬን ነገ ጠዋት ይምጡ በላቸው» አለች።

«የት?»

«በረት።»

«ዓይንስ?»

«ከሚሸጧት ዓይን ቢገባት ይሻላል።»

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩን ስከፍት እትዬ ብቻቸውን አልመጡም። ሹፌሩ አለ፣ ሚስቱ አለች፣ ጀሪካኗን በነጠላ የደበቀችው ሴትዮ አለች፣ ይቅር ይበልህ ያለኝ ጎልማሳ አለ። እትዬ በአንድ እጃቸው ማሰሮ፣ በአንድ እጃቸው መጽሐፌን ይዘዋል፤ ጣታቸውን አንድ ገጽ ውስጥ ከተዋል። ሁሉም ሹልክ ሹልክ እያሉ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው፣ በረቱ ውስጥ ቆሙ። ባለቤቴ ባልዲውን ገልብጣ አሳየቻቸው። ጠብታ የለውም። ጥጃዋን ለቀቀች፣ ትንሽ ጠባ፣ መልሳ አሰረችው። የቀይዋን ጡት በለብ ያለ ውሃ አጠበች፣ በጨርቅ አደረቀች። ከዚያ በርጩማውን ሳበች።

«ቆይ ቆይ» አሉ እትዬ። መጽሐፉን ገለጡ። «እዚህ ላይ እንዲህ ይላል፦ ‹ጡቱን ጨብጬ ስስበው ወተቱ ባልዲው ውስጥ ይዘፍናል፤ እኔን የመሰለ አላቢ እንጦጦን ዞራችሁ አታገኙም።›» ቀና አሉ። «በል፣ አዘፍነው እስቲ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ አልቤ አላውቅም። በቃ፣ ይኸው ነው። የምጠርገው እኔ ነኝ፣ የማበላው እኔ ነኝ፣ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ የምታልበው እሷ ናት። ከተጋባን ጀምሮ። የባልዲውን ዘፈን በቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ ሆኜ ነው የሰማሁት። ግን እንጦጦን ዞራችሁ አታገኙም ካልኩ በኋላ፣ ያውም በወፍራም ፊደል ሽፋን ሥር፣ እንዴት አልችልም ልበል? እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ባለቤቴ «ተው» አለችኝ በዓይኗ። ተቀመጥኩ። ጨበጥኩ። ሳብኩ።

ምንም የለም። ዘፈን የለም፣ ጠብታ የለም። ጠበቅ አድርጌ ሳብኩ። ቀይዋ አንገቷን አዙራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችኝ። ከዚያ አንዴ ብትራገጥ፣ ባልዲው አንድ በኩል፣ በርጩማው አንድ በኩል፣ እኔ ያልጠረግሁት ፍግ ላይ።

ሳቁን የጀመሩት እትዬ ናቸው። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ማሰሯቸውን መሬት አስቀመጡና ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። ሹፌሩ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሚስቱ እንባዋን በቀሚሷ ጠረገች።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ጡት መያዝ እንኳ አያውቅም!» አሉ እትዬ። «ውሃ የጨመረው መቼ ነው? አላቢዋ እሷ ናት ለካ!» ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «አንቺ ነሽ ይሄን ሁሉ ዘመን?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አንቺንማ አውቅሻለሁ። እናትሽንም አውቃለሁ። አፈር ስሆን፣ እለቢልኝ።»

«እና ሲያደርስስ?» አለ ሹፌሩ ዓይኑን እየጠረገ። «መንገድ ላይ ቧንቧ አለ እኮ!»

«አያደርስም» አሉ እትዬ። «ከዛሬ ጀምሮ ራሳችን እየመጣን እንወስዳለን። እሱ ቁጭ ብሎ ይዋሽ።»

ባለቤቴ ሌላ ባልዲ አመጣች። ግንባሯን የቀይዋ ጎን ላይ ደገፍ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ባልዲው ዘፈነ። እኔ ፍጉ ላይ እንደተቀመጥኩ አፌን ከፍቼ አየኋት። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን፣ ሦስት መጽሐፍ ጽፌ፣ ሲታለብ ቁጭ ብዬ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። እጆቿ እንዴት እንደሚሄዱ አላውቅም ነበር። የጻፍኩት ሁሉ ትንሽ ነው። እኔ ነኝ ይሄን የምለው።

ወተቱ አረፋውን እንደያዘ በየማሰሮው፣ በየጀሪካኑ ተቀዳ። አንድም ሰው ሽቅብ አልወጣም። እትዬ መጽሐፉን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ማሰሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ።

ባለቤቴ ጥቁሯን ለማለብ በርጩማውን እያዛወረች ነበር። ዓይኗ አሁንም በሳቅ እንባ እንደሞላ፣ «ምን ትጎለታለህ?» አለችኝ። «ደላላው መንገድ ሳይጀምር ደውልለትና አትምጣ በለው።»

ስልኩ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነበር። ሁለት እጆቼን ገልብጬ አየኋቸው፣ እስከ ክርን ድረስ ፍግ ናቸው፤ በየትኛው እንደማነሳው ቸገረኝ።